አጭር ቁጥር፣ ብዙ ተካፋይ

አንድ የወልድያ በርበሬ ነጋዴ ደሴ ደውሎ ገበያ ሲጠይቅ የሚቆረጥበት ብር የቴሌ ነው፤ የተደወለለት ሰው ከዚያ ውስጥ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። ይኸው ነጋዴ አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን ወዳየው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር «ኦኬ» ብሎ ቢልክ ግን ሂሳቡ ከተራ መልእክት ይከብዳል፣ ብሩም ይከፋፈላል። ከፊሉ መስመሩን ለዘረጋው ኩባንያ ይሄዳል፤ ከፊሉ ቁጥሩን ይዞ የኳስ ውጤት፣ የዕለት ጥቅስ፣ የጤና ምክር ወይም የዕጣ ውድድር ለሚያቀርበው ድርጅት። የተደወለለት ወገን ከደዋዩ ሂሳብ የሚካፈልበት ስልክ ይህ ነው። ፈረንጆቹ በድምፅ ጥሪ ጀመሩት፤ እኛ ዘንድ በብዛት የገባው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነው።

ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው በውሉ በኩል አይደለም፤ «ካርዴን በላው» በሚለው አቤቱታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አስፋልት የመርሳን ከተማ ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ዳር ዳሩን ከተደረደሩት የሞባይል መጠገኛ ሱቆች አንዱ ጋ ቆም ያለ ሰው ይሰማዋል። አንዲት እናት ከመሐረብ ቋጠሮ ውስጥ ቁልፉ የደበዘዘ ትንሽ ስልክ ያወጣሉ። «ወላሂ ለማንም አልደወልኩም ዓለሜ። ልጄ ከሪያድ የሞላችልኝ ካርድ ነበር፤ ዛሬ ስደውል ሂሳብ የለዎትም ይለኛል።» ጠጋኙ ልጅ «እስቲ ያምጡት እማማ» ብሎ ይቀበላቸውና መልእክቶቹን ይከፍታል። ካንድ ቁጥር የመጣ ሰልፍ አለ፤ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፏል። እሳቸው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የቆጠሩት ሀ ሁ ሂ ነው። ዋጋው፣ ለአንድ መልእክት ሁለት ብር፣ ከግርጌ፣ ከጥቅሱም ከምርቃቱም በኋላ ተቀምጧል። ልጁ «ስቶፕ» ብሎ ይልክና ስልኩን ይመልሳል። «ማነው ያስገባኝ?» ሲሉት «ሳያውቁት ነክተውት ይሆናል፤ ወይም ሕፃን» ይላል። ለዚህ ሥራው ዋጋ አይጠይቅም፤ ቡና ጠጣበት ብሎ ጥቂት ብር የሚተውለት ግን አይጠፋም።

ከእኚህ እናት ሂሳብ የተቆረጠችው ሁለት ብር ከሞባይልም የሚቀድም ታሪክ አላት። እኔ እንደሚመስለኝ የታሪኩ አካሄድ ይህ ነው፤ ስልክ ወደ እጅ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ከዓይን እየራቀ መጣ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በ1889 ተጀምሮ በ1891 ሲያልቅ፣ ጣሊያኖችም ጥቂት ቆይተው ከአስመራ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ ሽቦ ሲስቡ፣ ስልክ የመንግሥት ጆሮ ነበር። ገበሬው አልከፈለበትም፤ አይደውልበትም ነበርና። ገንዘብ አስገቢነቱ ጎልቶ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። የዓለም ባንክ በ1951 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ የስልክ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1945 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ራሱን ችሎ የሚተዳደር፣ ከደንበኛው በሚሰበስበው ገቢ የሚኖር መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ በ1989 ኮርፖሬሽን፣ በኅዳር 2003 ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል። ሕዝቡ ግን ሁሉንም «ቴሌ» ብሎ ተገላግሏል።

የቴሌ ቤቱ ዘመን አድካሚ ነበር፤ ዋጋው ግን ፊት ለፊት ነበር። ሰው ከገጠር ተነሥቶ ከተማ ይገባል፤ በወልድያ ከሆነ ማክሰኞን፣ የገበያውን ቀን ይመርጣል፤ አህያውን ያስርና ቴሌ ቤት ይሰለፋል። ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይሰጣል፣ መስመር እስኪገኝ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ስሙና የካቢኑ ቁጥር ሲጠራ ሮጦ ይገባል። ጮክ ብሎ ያወራል፤ ደጅ ያለው ሁሉ የቤተሰቡን ጉዳይ ይሰማል። ሲወጣ ሠራተኛዋ ደቂቃውን ቆጥራ ሂሳቡን ትነግረዋለች፤ ደረሰኝ ትቆርጥለታለች። ተወደደብኝ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ የሚከራከራት ሴት ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጣለችና። በኋላ የመጣው የሱቅ ስልክም ያው ነበር፤ ባለሱቁ ሰዓቱን እያየ «ሁለት ደቂቃ ሆነሃል» ይላል። ከቴሌ ታሪፍ ላይ የራሱን ትርፍ ጨምሮ ነው የሚያስከፍለው፤ ያ ትርፍ የማን እንደሆነ ግን የሚጠፋው ሰው አልነበረም።

ያኔ ከማንም ዓይን የተሰወረ አንድ ክፍፍል ነበር፤ የባሕር ማዶው ጥሪ ሂሳብ። አንድ ሰው ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ ወልድያ ሲደውል፣ ከደዋዩ የሚሰበስበው የዚያ አገር ኩባንያ ነው። ጥሪውን ተቀብሎ እስከ ወልድያ ለሚያደርሰው የኢትዮጵያ ቴሌ በደቂቃ የተስማሙበትን ያወራርዳል፤ በውጭ ምንዛሪ። እንግዲህ አስቡት፤ ባለ አራት አሃዙ ቁጥር ከመፈልሰፉ በፊት 251 ብሎ የሚጀምር የኢትዮጵያ ቁጥር ሁሉ፣ ከውጭ ሲደወልለት፣ ገቢ የሚያካፍል ቁጥር ነበር ማለት ነው። ተካፋዩ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ሳይሆን መንግሥት ሆነ እንጂ። ለድሆች አገሮች ይህ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። አሜሪካኖች በዛብን ብለው በ1997 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው ለኩባንያዎቹ ጣሪያ አወጣ፤ ለመቶ ሰው አንድ ስልክ እንኳ ለማይደርስባቸው አገሮች በደቂቃ 23 ሳንቲም፣ በዶላር። ኢትዮጵያ ያኔ ከእነዚህ አገሮች ተርታ ነበረች።

ክፍፍል ባለበት ክፍፍሉን የሚዘል አይጠፋም። የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት አምጥተው፣ በርካታ ሲም ካርድ በሚይዝ ሳጥን በኩል የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስለው የሚያስገቡ ሰዎች መጡ። ልጅቱ ከቤይሩት ስትደውል እናቷ ስልክ ላይ የሚታየው የውጭ ቁጥር ሳይሆን በ09 የሚጀምር የአገር ቤት ቁጥር ነው። የመንግሥት መልስ በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ሲሆን፣ ከአገር ውስጥ ሚስኮል ተደርጎ ከውጭ የሚመለሰውን የጥሪ አገልግሎት ሳይቀር እስራት የሚያስከትል ወንጀል አድርጎታል። አዋጁ ለብሔራዊ ደኅንነት ያለውን ስጋት በመግቢያው ይዘረዝራል፤ ስሌቱን ለሚያውቅ ሰው ግን ከስጋቶቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው የሚያመልጠው ደቂቃ ነው።

በመርሳና በወልድያ ዙሪያ ካሉት የሀብሩና የጉባላፍቶ ወረዳዎች ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ስንቷ ናት! የእነሱ ደቂቃ ነው ይህ ሁሉ ሙግት። በኋላ በኢንተርኔት የሚያስደውለው ኢሞ መጣና ነገሩን ገለበጠው። ልጅቱ ከአሠሪዎቿ ቤት በዋይፋይ፣ እናቷ መርሳ በጎረቤት ልጅ ስማርት ስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት ሆነ። ማወራረጃ የለ፣ ተካፋይ የለ። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲደርስ ግን ስልክም፣ መብራትም፣ ባንክም ባንድነት ጠፉ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሳለች ከውጭ የሚደውል ሰው የሚያገኘው ዝምታ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ አንድ ዓመት ገደማም ተዘግቶ ቆየ። ይህ መዘጋት ስለ መረጃና ስለ ሰብአዊ መብት ብዙ ተብሎበታል። ስለ ሂሳቡ ግን ብዙ አልተወራም፤ ኢሞ የተነጠቀች ልጅ የእናቷን ድምፅ ለመስማት ወደ ዓለም አቀፉ ጥሪ፣ ወደ አሮጌው የደቂቃ ክፍፍል ተመለሰች።

ወደ አጭሩ ቁጥር እንመለስ። ሞባይል በ1991 በአዲስ አበባ ተጀምሮ በዝግታ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ፣ የጽሑፍ መልእክት ገና ከመለመዱ በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ተዘጋ፤ የተከፈተውም በ2000 መባቻ፣ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ነው። ሌላው የአፍሪካ አገር በመልእክት ገንዘብ ማስተላለፍ ሲጀምር እኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ለመባባል እንኳ ሁለት ዓመት ጠብቀናል። ስለዚህም ይመስለኛል፣ የመልእክት ንግድ ሲመጣ ገበያው የተራበ ሆኖ የጠበቀው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ውድድር፣ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር፣ የዲጂታል ሎተሪ፣ የጥሪ ማሳመሪያ መዝሙርና መንዙማ፤ ሁሉም ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እየያዘ ተነሣ። ቁጥሩ ራሱ የሱቅ ሰሌዳ ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ የራይድ ታክሲ ከ8294 ተለይቶ አይጠራም።

ሰፊውን ሕዝብ ግን ጣቱን ያስለመደው 8100 ነው። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሥራው ሲበሰር ቦንድና የደመወዝ መዋጮ ነበር የሚታወቀው። ኋላ «8100 ላይ ኤ ብላችሁ ላኩ» መጣ፤ የዕጣ ሽልማትም ታከለበት። ይህን ከማጭበርበር ጋር የሚያነሣ ቢኖር አልስማማም። ላኪው ብሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፣ ይሂድልኝ ብሎም ነበር የሚልከው፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ነገር ግን አገር ሙሉ ሰው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር፣ ወደ አጭር ቁጥር አንዲት ፊደል መላክን የተማረው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ነጋዴ ሕዝቡን ማስተማር አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ ዋጋውን ከኑሮ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፉን ሲቀንስ የአገር ውስጥ ጥሪ በደቂቃ ከ83 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም ወረደ። በዚያ ታሪፍ ሁለት ብር የሚቆርጥ አንድ የጥቅስ መልእክት አራት ደቂቃ ወሬ ነው። በሚስኮል የሚግባባ አገር ነው እንግዲህ ይህ። አንድ ጊዜ ጮኾ ከጠፋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከሆነ «ደውልልኝ» ማለት ነው። ለአንዲት ደቂቃ ይህን ያህል የሚጠበብ ሰው በየማለዳው አራት ደቂቃ ሳያውቀው ይወሰድበታል። ይህንኑ ሚስኮልም ሌቦች ተምረውታል። ከማይታወቅ አገር ኮድ አንድ ጊዜ ይጮኽና ይጠፋል፤ «የልጄ ይሆናል» ብሎ መልሶ የደወለ ሰው ከሂሳቡ ሩቅ አገር ያለ ተካፋይ ይቆርጥበታል። ጃፓን ላይ የተጀመረ ዘዴ ነው። ልጁ ዓረብ አገር ለሌለ ሰው ይህ ተራ ማታለያ ነው፤ ሀብሩ ላይ ግን የውጭ ኮድ አይቶ ዝም የሚል እናት የለም።

አሜሪካ ይህን ንግድ ከእኛ ቀድማ ቀምሳዋለች። በጥቅምት 1980 እ.ኤ.አ. ካርተርና ሬገን ከተከራከሩ በኋላ ኤቢሲ ቴሌቪዥን ማን አሸነፈ ብሎ ተመልካቹን በ900 በሚጀምር ቁጥር አስደወለ፤ በአንድ ጥሪ 50 የአሜሪካ ሳንቲም፣ 700 ሺህ ያህል ጥሪ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚዎች ሳቁ፣ የስልክ ነጋዴዎች ግን ማስታወሻ ያዙ። በአሥር ዓመት ውስጥ የኮከብ ቆጠራ፣ የልቅ ወሬና የውሸት ሥራ ማስታወቂያ ቁጥሮች አገሩን አጥለቀለቁት፤ ልጆች የወላጆቻቸውን ሂሳብ ሰማይ አደረሱት። ኮንግረስ በ1992 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣ፤ በተከታዩ ዓመት የወጣው ደንብ ደግሞ ቁጥሩ ሲነሣ በመጀመሪያ ዋጋው እንዲነገር፣ ሰምቶ የዘጋ ሰውም እንዳይከፍል አዘዘ። የ900 ገበያ ከዚያ በኋላ መክሳት ጀመረ። ዋጋው አስቀድሞ ሲነገር የሚከሳ ንግድ ቀድሞ በምን ወፍሮ እንደነበር መገመት አያቅትም።

የእንግሊዞቹ ነገር ደግሞ ለሐበሻም የተረፈ ነው። እዚያ ችግሩ ከተራ አጭበርባሪ አልፎ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ደረሰ። ዕቃው ተሰበረ፣ ሂሳቡ ተሳሳተ ብሎ የሚደውል ደንበኛ በ084 እና በ087 በሚጀምሩ ቁጥሮች ላይ ሙዚቃ እየሰማ ሲጠብቅ፣ ከሚከፍለው ከፊሉ ለዚያው ለሚያስጠብቀው ኩባንያ ይደርስ ነበር። እንግሊዝኛው ገና ላልተፈታለት ስደተኛ ደግሞ ጥሪው ከሌላው ሰው ይረዝማል። ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት ነጋዴ ነባር ደንበኛውን ከመደበኛ ዋጋ በላይ እንዳያስከፍል ተከለከለ፤ ባንኮችን ለማካተት እስከ ጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ መጠበቅና ሌላ ደንብ አስፈልጓል።

ሀብሩ ላይ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነ ቁጥርም አለ። በ2006 መጨረሻ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከምርምር ኢንስቲትዩቱና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር 8028ን ከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ያዳምጣል፣ ሰብሉን በቁጥር ይመርጣል፣ አዘራሩንና ማዳበሪያውን ይሰማል። በመጀመሪያው ዓመት የተደወለለት በሚሊዮን ነው። ክፍያውን የሚችለው ተቀባዩ ወገን ነው፤ አሜሪካኖች በ1967 እ.ኤ.አ. በ800 ቁጥር የጀመሩት ዓይነት። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በሀብሩ ውስጥ፣ የመርሳም የግብርና ኮሌጅ እዚያው እያለ፣ ማሽላው በአቀንጭራ የተወረሰ ገበሬ ግን ባለሙያ ደጁ እስኪደርስ ወቅቱ ያልፍበታል። የተቀዳ ድምፅ ሜዳውን አያይም፤ ቢሆንም ማዳመጡ ከኪሱ አያወጣም። አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ለዚህም ይውላል፤ ለጥቅስ ሽያጭም ይውላል። ገበሬው ከመላኩ በፊት የትኛው ነፃ፣ የትኛው ባለዋጋ እንደሆነ ከቁጥሩ መልክ መለየት አይችልም። እንግሊዝ አገር ቢያንስ 080 ነፃ፣ 09 ውድ መሆኑን ከመነሻው ማወቅ ይቻላል፤ የእኛ 8028 እና 8100 ግን እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ።

መንግሥት ይህን ለማስተካከል ለምን አልተጣደፈም ለሚል ሰው የቴሌን ታሪክ ማየት ይበቃል። ባለሥልጣናቱ ራሳቸው «የምትታለብ ላም» ይሏት ነበር፤ በኃይለማርያም ደሳለኝ ጊዜ ገቢዋ የባቡር መስመር እንደሚሠራበት በግልጽ ተነግሯል። ለወልድያ ሰው ይህ ሩቅ ፖለቲካ አይደለም። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የያዘው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ መድረሻው ወልድያ ደጅ ነበር፤ ገንዘቡ ተጓተተ፣ ጦርነቱ ደረሰበት፣ ባቡሩ እስካሁን አልመጣም።

በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲቋቋም ዳኛውና ተጫዋቹ ተለዩ፤ ሸማቹን መጠበቅም ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። ከመስከረም 2015 ወዲህ ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራ ስለጀመረ የተከፋው ደንበኛ፣ መስመሩ የደረሰው ከሆነ፣ መሄጃ አለው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ሕጉ አልጎደለም እንግዲህ። የጎደለው መርሳ ሱቅ ላይ የታየው ነው፤ ዋጋው በሚያነቡት ፊደል፣ ከመልእክቱ ራስጌ፣ ከመቆረጡ በፊት። ይህ የማይቻል ነው የሚል ነጋዴ ቢመጣ የስልኩን የመልእክት ሳጥን ከፍቶ ማሳየት ነው። ቴሌ በበዓል ዋዜማ የጥቅል ቅናሹን ሲያስተዋውቅ ዋጋውን በግዕዝ ፊደል፣ ከነሳንቲሙ፣ ከላይ ይጽፋል፤ ለመሸጥ ሲሆን።